ዋሴ የፎከረበት ሰሞን

በዚያን ቀን በአቶ ታደሰ ቤት ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። አልጋው ላይ የአቶ ታደሰ ልጅ የሺ፣ ዐይኗ ገርበብ ብሎ፣ ከንፈሯ ደርቆ። ከራስጌዋ እናቷ ወይዘሮ አስናቀች። ከግርጌዋ አባቷ አቶ ታደሰ፣ ከጎጃም ተመድበው መጥተው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው። ከአልጋው ጎን በርጩማ ላይ እማማ ጥሩ፣ በቡዳ የተበላ ሰው በማናገር የታወቁ አሮጊት። ግድግዳውን ተደግፈው ቄስ ምስጋናው፣ መስቀላቸው በእጃቸው። በሩ አጠገብ የትምህርት ቤቱ መምህር ሰሎሞን፣ የደሴ ልጅ። ከእሱ ቀጥሎ ልጄ ዋሴ። ከዋሴ ጀርባ እኔ፣ የሹራቡን ጫፍ በጣቴ ጨብጬ። ግቢው ውስጥ የቆሙትን ስም መጥራት አልችልም፤ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ዱላቸው መሬቱን ሲነካ ግን እሰማ ነበር።

ይህን ዛሬ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ባለፈው የገበያ ቀን ሰቆጣ መናኸሪያ በር ላይ ሸክላዬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። የኮረምን መኪና የሚጠብቅ አንድ ወጣት አጠገቤ ቆሞ፣ ስልኩን ከደረት ኪሱ ሳያወጣ ዘፈን ያሰማል። ዱሮ ዘፈን ለመስማት ቤት ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ኪስ ይበቃዋል። ልብ አላልኩትም። ወጣቶች የሚሰሙት ሁሉ ለኔ አንድ ዓይነት ነው፤ መዶሻ መዶሻ ይላል። ድንገት ግን ከመዶሻው መሐል ቃሉን ለየሁት። እጄ ላይ የነበረው ጀበና አምልጦኝ አንገቱ ተሰበረ። ድምፁ የማላውቀው ሰው ድምፅ ነው። ቃሉ ግን የልጄ ቃል ነው፤ እኔ ጓዳ ሆኜ፣ እሱ ደጅ ሆኖ ሲጥለውና ሲያነሳው በጆሮዬ የሰማሁት።

«የኔ ልጅ፣ ይህን የሚዘፍነው ማነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ እማማ። ከጓደኛዬ ስልክ ነው የወሰድኩት።»

«ጓደኛህስ ከየት አገኘው?»

«እሱም ከሰው ነዋ።» ፈገግ አለ። «ራፕ ይወዳሉ እንዴ?»

«የት አገር ያለ ሰው?»

«ኧረ እማማ! ከስልክ ስልክ ነው የሚሄደው፤ ማን ይከተለዋል?»

መኪናው ጥሩንባውን ነፋ፤ እየሮጠ ወጣ። ሌላ ልጠይቀው ስነሳ መኪናው ተንቀሳቅሷል። የተሰበረውን ጀበና ታቅፌ ወደ ቤቴ ስመለስ ያ ሰሞን እንዳለ ተመለሰብኝ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ጦርነት ካለፈ በኋላ ነው፤ ስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አልሰፍረውም። ሰቆጣ ላይ መብራት በጄነሬተር ትንሽ አምሽቶ የሚጠፋበት፣ ቢጫ ጀሪካን ከሰው ቀድሞ ቦኖው ጋ የሚሰለፍበት፣ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ በየቤቱ እህል መስፈሪያ የሆነበት ጊዜ። ከገበያው ወደ ታች ሲወረድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ከሚቀመጡበት ማዕዘን፣ አንድ ካሴት ቤት ነበር። በሩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጠርዙ ተቀዶ ስለነበር ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። አዲስ ካሴት አሥር ብር ነበር፤ ባዶውን ይዞ ለሚመጣ በሦስት ብር ይገለብጡለታል። የቴፕ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስ ይነከሳል፣ ለአንድ ዘፈን ያህል ነፍስ ይዘራል። ልጃገረዶቹ ከትምህርት ቤቱ ሰማያዊ ሹራብ ሥር የናይለን ሻርፕ ይደብቁና ከግቢው ሲወጡ ያወጡታል። ወንዶቹ ሰልባጅ ተራ ሄደው ሁለት ሰው የሚይዝ ጂንስ ይገዛሉ። የኔውም አንዱን ገዝቶ፣ ወገቡ ላይ በገመድ ሸብ አድርጎ ሲመጣ፣ «ሁለተኛው ሰውዬ የት ቀረ?» አልኩት። «እዚሁ ሱሪው ውስጥ ነው እማ፣ ተኝቷል» አለኝ። እንዲህ ነበር ዋሴ። ቀልድ ከአፉ አይጠፋም። እኔ ደግሞ የቤቴ ሳቅ ጎረቤት እንዳይሰማ በር የምዘጋ ሰው ነኝ።

እኛ የጠይብ ዘር ነን። ባሌ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻ ሊሸጥ አበርገሌ ወርዶ፣ ወባ ይዞት ተመልሶ፣ ሳይነሳ ቀረ። እኔ ሸክላ እሠራለሁ። ቤታችን ከከተማው ዳር፣ አፈሩ ከሚቆፈርበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ወጣቶች ሳይሰሙት አልቀሩም፤ ካልሰሙም ልንገራቸው። ቡዳ ናቸው እንባላለን። ዐይናቸው ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ እንባላለን። ሴቶች እንስራ ሲገዙኝ ብሩን እጄ ላይ አያስቀምጡም፤ አጠገቤ ካለው ድስት ውስጥ ጣል አድርገው ይሄዳሉ። እኔም እስኪርቁ ጠብቄ አነሳዋለሁ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ስታመም ውኃ ቀድተው ደጄ ያስቀምጡልኝ ነበር፤ የቀዱበትን እንስራ ግን ሊወስዱት አይመለሱም።

ስለዚህ ዋሴን ያሳደግኩት በመጠንቀቅ ነው። ሰው ሲበላ ፊትህን አዙር። ላም ሲታለብ አትቁም። የሰው ሕፃን አምሮበታል አትበል። ና ብላ ቢሉህ፣ ርቦህም ቢሆን፣ ጠግቤያለሁ በል። ሰው ቤት ስትደርስ ከሩቅ ሳል፤ የሚሸፍኑትን ይሸፍኑ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ይህን ትምህርት ግን አጥርቼ አውቀዋለሁ። ዋሴ በሕፃንነቱ ይሰማኝ ነበር። ድምፁ ሲጎረንን ግን፣ «እማ፣ እንዲህ መሬት መሬት እያየሁ ስሄድ አንድ ቀን ከግንብ ጋር እላተማለሁ» ይለኝ ጀመር። እስቅና ወዲያው እደነግጣለሁ።

መምህር ሰሎሞን እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣው ያን ጊዜ ነው። ቀጭን ነው፤ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ ያደርጋል። ቴፑን ትከሻው ላይ ተሸክሞ በገበያ መሐል ሲያልፍ ሽማግሌዎቹ፣ «ምነው፣ ታሞበት ሐኪም ቤት እየወሰደው ነው?» ይባባሉ ነበር። ሳያውቅ ይሁን እያወቀ፣ እኛ ቤት ገብቶ በእኛ ጣሳ ውኃ ጠጣ። እርስዎ ስለው፣ «አንተ በይኝ እናቴ» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዋሴ ከሱ አልተለየም። ትምህርት ሲለቀቅ ደጃችን ተቀምጠው የአሜሪካ ጥቁሮችን ካሴት ይሰማሉ። እኔ ዘፈን አልመሰለኝም፤ የተጣሉ ሰዎች መሰሉኝ።

«ምን አጣልቷቸው ነው?» አልኩት አንድ ቀን፣ ጭቃ እየረገጥኩ።

«አልተጣሉም እናቴ። ስለራሳቸው ነው የሚያወሩት።»

«ስለራሳቸው እንዲህ ተቆጥተው?»

«ነጮቹ የሚሰድቧቸው ስም አለ። ወንበዴ ናቸው ይሏቸዋል፤ ሲያዩአቸው መንገድ ይሻገራሉ፣ ቦርሳቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ። እነዚህ ደግሞ ያንኑ ስም ወስደው በዘፈን ይጠሩበታል። አዎ፣ ያ የምትፈሩት ሰውዬ እኔ ነኝ ይላሉ።»

«ካልሆኑ ለምን ነኝ ይላሉ?»

«ሰዳቢው የሚለው እንዲያልቅበት።»

«አለቀበት?»

«ያፈረ አለ። ቁጭ ብሎ መነጋገር የጀመረም አለ። አንዳንዱ ግን፣ ይኸው ራሳቸው አመኑ አለ።»

«እንግዲያው አላለቀበትም» አልኩ።

ዋሴ እጁን ዘረጋና ከመምህሩ እጅ ጎን አስቀመጠው። «እነሱንስ በቆዳቸው ይለዩአቸዋል» አለ። «የኔና ያንተ እጅ ግን አንድ ዓይነት ነው። እኛን በምን ለይተው ነው የሚሸሹን?» መምህሩ እጁን አገላብጦ አየ። እኔ ጭቃዬን መርገጥ ትቻለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በእኛ ቤት ተጠይቆ አያውቅም። ወደ መንገዱ አየሁ። ማንም አልነበረም፤ ሆኖም ሰው የሰማን ይመስል፣ ዝቅ ብላችሁ አውሩ አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ዋሴ የአባቱን መዶሻ አንስቶ፣ ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ ቀስ እያደረገ እየመታ ቃል መደርደር ያዘ። አማርኛው የአገራችንን ቋንቋ፣ ኽምጥኛ ኽምጥኛ ይላል፤ ተመድበው የመጡት ሠራተኞች ልጆች በዚያ ይስቁበት ነበር። ሲዘፍን ግን አነጋገሩን አላለሰለሰውም፤ እንዲያውም አጠበቀው። ቃሉ ይህ ነው፦

ሸፍኑት ሌማቱን፣ ቆሜያለሁ በሩ ላይ፣
አዎ፣ ቡዳው እኔ ነኝ፣ አትዩኝ እንዳላይ!
ማረሻው የአባቴ፣ ድስቱ የእናቴ፣
ምን ቀርቷችሁ ነው የምትሸሹት ከቤቴ?

«ይህን ደጅ ላይ እንዳትለው» አልኩት።

«ደጅ ላይ አልለውም።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን፣ ደጅ ላይ አልለውም» አለና ሳቀ። ያለው ትምህርት ቤት ነው።

የወላጆች በዓል ነበር። ባሕር ዛፎቹ ሥር አግዳሚ ተደርድሯል፤ የመንግሥት ሠራተኞቹ ከፊት፣ የገጠሩ ሰው ከኋላ፣ እኔ ከሁሉም ኋላ አጥሩ ጋ። መዝሙር ተዘመረ፣ ድራማ ታየ፣ ሁለት ልጆች ግጥም አነበቡ። ከዚያ ዋሴ በዚያ ሰፊ ሱሪው ወጣና ቁራጭ ብረት በመዶሻ መምታት ጀመረ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። «ሸፍኑት ሌማቱን» ሲል ሳቁ ተቆረጠ። «አዎ፣ ቡዳው እኔ ነኝ» ሲል ከፊቴ የነበረች ሴትዮ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ሴትዮዋ ስትሸፍን ጎኗ ያለችውም ሸፈነች፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ነጠላው በሰልፉ ላይ እንደ ነፋስ ሲያልፍ አየሁ። ተማሪዎቹ ግን አብረውት ይጮሁ ነበር። ከነሱ ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የየሺ ድምፅ ነው፤ ተነሥታ ቆማ፣ እጇን እያጨበጨበች። ጭብጨባው ከልጆቹ ወገን ብቻ መጣ። እኔ አጥሩን ይዤ ነበር፤ ሲያልቅ እጄ በእሾህ ደምቷል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሰቆጣ ሌላ ወሬ አልነበራትም። እኔ ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ሥር ሸክላዬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ሰው ያለሁ አይመስለውም።

«ልጁ ምን ዋሸ? ማረሻው የነሱ ነው» ይላል አንደኛው ልብስ ሰፊ።

«ማረሻውስ የነሱ ነው። ዐይኑስ?»

«አንተ ራስህ ከጠይብ ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠህ ተምረሃል። በላህ?»

«እኔ አጥንቴ ብቻ ነው ያለው፤ ምኔን ይበላል!»

ሳቁ። አንድ አረጋዊ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «ይህ እኮ ፉከራ ነው፤ እኛም በጊዜያችን ፎክረናል። ገዳይ ነኝ ብሎ የፎከረውን ማን አሰረው?» አሉ።

«አባባ፣ ፎካሪ የገደለውን ነው የሚናገረው» አላቸው ሁለተኛው። «ሳይገድል የፎከረ ነውረኛ ነው። ይህም ልጅ ያልሆነውን ነኝ ብሎ አይፎክርም።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ሁሉም አንድ ነገር እያሰቡ እንደሆነ ከዝምታቸው አወቅሁ፤ ሸክላዬን ሰብስቤ ተነሳሁ።

ደግ ነገርም አልጠፋም፤ እሱን ካልጻፍኩ መዋሸት ይሆናል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወይዘሮ አስናቀች ልጇን የሺን አስከትላ ደጄ መጣች። ለዓመታት እንስራ ስትገዛኝ የኖረች ሴት ናት። አስገባኋት። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታይ ቆየችና፣ «ዝማም፣ ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ሆነን ቤትሽ እህል ቀምሼ አላውቅም እኮ» አለች።

«ምን ችግር አለው፣ እኔም አልተቀየምኩ።»

«የሺ ናት የጠየቀችኝ። እማዬ፣ ለምንድነው የማንበላው አለችኝ። መልስ ብፈልግ አጣሁ።»

የሺ፣ «ዘፈኑን ቤት ውስጥ ስለው ትቆጣኝ ነበር፤ አሁን እሷም ትለዋለች» ብላ ሳቀች። እናቷ ጉልበቷን ቸብ አደረገቻት። የባቄላ ቆሎ ነበረኝ፤ በሰፌድ አቀረብኩ። ሁለቱም ዘገኑ። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ቤቴ ነው፣ እንግዶቼ ናቸው፣ ቆሎውም የኔ ነው፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ወይዘሮ አስናቀች፣ «ኧረ ወደዚህ ዙሪ!» አለችኝ። ዞርኩ። ሰው ሲያኝክ ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ መሰለኝ። ማታውን ዋሴ፣ «አየሽ እማ!» እያለኝ ይዘል ነበር። እኔ ደግሞ የሰፌዱን ፍርፋሪ ስጠርግ፣ ይህች ልጅ እባክህ ጤና ትሁን እያልኩ እጸልያለሁ።

የሺ ከአባቷ ጋር አበርገሌ ወረደች። አቶ ታደሰ ለሥራ ሲሄዱ ተከዜን ላሳያት ብለው ነው የወሰዷት። ተመልሳ ብዙም ሳትቆይ ትኩሳት ያዛት። ክኒን ተሰጣት፤ አስመለሳት። በማግስቱ ጠዋት መለፍለፍ ጀመረች። በኛ አገር የተበላ ሰው ሲለፈልፍ የሚናገረው እሱ ራሱ አይደለም ይባላል፤ የበላው ሰው ነው በአፉ የሚናገረው፤ ስሙንም የሚናዘዘው። ለዚህ ነው እማማ ጥሩ የተጠሩት። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው አፍንጫዋ ሥር አድርገው፣ «ማነህ?» ሲሏት የሰጠችውን መልስ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ወዲያው ሰው መጥቶ ዋሴን ጠራው። እኔም ሹራቡን ይዤ ተከተልኩ። መምህሩን መንገድ ላይ አገኘነው፤ ነገሩ ገብቶት ኖሮ አብሮን መጣ።

ስንገባ እማማ ጥሩ ዋሴን አይተው እንደገና ጎንበስ አሉባት። «ማነህ አንተ? ተናገር! ከየት ያዝካት?»

የሺ ራሷን አወዛወዘች። ከዚያ በዚያ ደረቅ ከንፈሯ፣ ዜማውን ሳትለቅ፣ «አዎ… ቡዳው እኔ ነኝ… አትዩኝ እንዳላይ…» አለች።

«ዘፈኑን እኮ ነው የምትለው!» አለ መምህር ሰሎሞን። «ተማሪው ሁሉ ሲያንጎራጉረው ነው የሚውለው። ትኩሳት ያለበት ሰው አፉ ላይ ያለውን ይላል። ይህ ወባ ነው፤ መርፌ ያስፈልጋታል፤ ተሸክመን ጤና ጣቢያ እናድርሳት!»

«የያዛት ሳይለቃት የትም አትሄድም» አለ ከደጅ አንድ ድምፅ። «መንገድ ላይ ብትሞት አንተ ነህ ተጠያቂው?»

«ልጁ ይትፋባት፤ ያን ጊዜ ይለቃታል» አሉ እማማ ጥሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሥራቸው ነው።

ወደ አቶ ታደሰ አየን። የላይኛውን ቁልፋቸውን ፈትተውት ነበር፤ እንዲያ አይቻቸው አላውቅም። «እኔ በዚህ አላምንም» አሉ። «ግን ልጄ ናት። ዋሴ፣ እባክህ።»

«አልተፋም» አለ ዋሴ። «ብተፋ ነኝ ማለቴ ነው።»

«ነኝ ብለህ የለም እንዴ!» አለች ወይዘሮ አስናቀች።

«እትዬ፣ እሱ ዘፈን ነው!»

«ልጄን ይዤ ቤትህ ገብቼ በላሁ። ሰው ሁሉ ተይ ሲለኝ በላሁ።» ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸችም። «ለምን እንዲህ አደረግኸኝ?»

ቄስ ምስጋናው መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጄ፣ ምራቅ ነው። ምራቅ ምን አለበት? ትፋና ሁላችንም ወደየቤታችን እንግባ።»

«አባ፣ ምንም ከሌለበት እርስዎ ይትፉባት» አላቸው።

ግቢው ውስጥ ዱላዎቹ ከመሬት ሲነሡ ሰማሁ። የዱላ መነሣት ድምፅ የለውም ትሉ ይሆናል፤ አለው። በሩን የሸፈነው ሰው ብርሃኑን ከለከለን። ቢተፋ ዕድሜ ልኩን ቡዳ ነው፤ ባይተፋና ብትሞት ከዚያ ግቢ አይወጣም። ዋሴ ጥርሱን ነክሶ ቆሟል፤ መምህሩ ክንዱን ይዞታል። እኔ የሹራቡን ጫፍ ለቀቅሁ።

«ልጁን ተዉት» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ልጅ የሰማውን ነው የሚዘፍነው። ቡዳዋ እኔ ነኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸኋትን ቃል በገዛ አፌ አልኳት። በመሐላቸው አልፌ አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። ምራቅ አልነበረኝም፤ ምላሴን በጥርሴ ቆንጥጬ አመጣሁት። የሺ ግንባር ላይ እትፍ አልኩ። ከምድጃ እንደወጣ ሸክላ ትፋጅ ነበር። ግቢው በአንድ ላይ ተነፈሰ። «ይኸው!» አሉ እማማ ጥሩ። በሩን የዘጋው ሰው ዞር አለ፤ አቶ ታደሰም ልጃቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ብድግ አደረጓት። አሁን የሚከለክላቸው አልነበረም። ከመምህሩ ጋር ወደ ጤና ጣቢያው እየሮጡ ወረዱ። መርፌ ተወጋች፣ ዳነች። መርፌው ነው ያዳናት የሚሉ አሉ። ምራቄ ነው የሚሉት ይበዛሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዋሴ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ደጃችን ስንደርስ፣ «እማ፣ ለምን አልሽ?» አለኝ።

«ዱላቸውን አላየህም?»

«አይቻለሁ።» መስፉ ላይ ተቀመጠ። «እኔ እኮ ስሙን ባዶ ላደርገው ነበር። አንቺ ሞላሽው።»

መልስ ነበረኝ። አንተ በሕይወት ካለህ ስሙ የፈለገውን ይሁን ልለው ነበር። ደክሞት ስለነበር ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ተውኩት። ንጋት ላይ የማር ቆርቆሮ ጭኖ ወደ ኮረም የሚሄድ መኪና ነበር። የአባቱን መዶሻ በዚያ ሰፊ ሱሪ ጠቅልሎ ሲወጣ ደረስኩበት። «ስደርስ እልካለሁ» አለኝ። የት እንደሚደርስ፣ ምን እንደሚልክ አልነገረኝም። ጉንጬን ሳመኝ፤ የመኪናው አቧራ ገደሉን እስኪዞር ቆሜ አየሁ። ወልዲያ ብረት ቤት ሲሠራ አየነው ያሉ ነበሩ። መተማ በኩል ተሻገረ ያሉም ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

መምህር ሰሎሞን በዓመቱ ተዛወረ። የአቶ ታደሰ ቤተሰብም ወደ አገሩ ተመለሰ። ሊሄዱ ሰሞን ወይዘሮ አስናቀች መጥታ አንዲት ትንሽ ድስት መረጠች። ብሩን እንደ ወትሮው ድስት ውስጥ ትጥለዋለች ብዬ ዐይኔን ሰበርኩ። እጄን ይዛ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው፤ ጣቶቼን አንድ ባንድ አጠፈችልኝ።

የቀረነው እኔና ያ ቃል ነን። ራሷ አምናለች ይላሉ። አዲስ የመጣ ሠራተኛ ቤት ሲከራይ አስቀድመው የሚያሳዩት የኔን በር ነው። ሕፃን ሲታመም ይመጡብኛል፤ በጠዋትም፣ በቀትርም። እናትየዋ ከደጅ ቆማ፣ «እባክሽ ትፊልኝ» ትለኛለች። እተፋለሁ። ሕፃኑ ከዳነ እፎይ እላለሁ። እስካሁን ሁሉም ድነዋል። አንዱ ያልዳነ ቀን ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የማዳምጠው ዱላ አብሮት እንዳለና እንደሌለ ነው። የልጅ ልጆቼ ይሆኑ የነበሩት የዛሬ ወጣቶች ግን ያንን ዘፈን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው በፊቴ ያልፋሉ። ከንፈራቸው፣ «አዎ፣ ቡዳው እኔ ነኝ» ሲል አያለሁ፤ ማንም ፊቱን አይሸፍንም። ስሙ ባዶ እየሆነ ይሁን፣ እየሞላ፣ እኔ አልለየሁትም። ዋሴ ቢኖር ይነግረኝ ነበር።

እንግዲህ ይህን ለምታነቡ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያን ዘፈን የሰጣችሁን ሰው፣ ከማን እንዳገኘው ጠይቁልኝ። እሱንም የሰጠውን ጠይቁልኝ። ልጄ ዋሴ ይባላል። ረጅም ነው፤ ግራ ክንዱ ላይ በልጅነቱ ከአባቱ ምድጃ የዘለለ የፍም ጠባሳ አለ። አማርኛው ኽምጥኛ ኽምጥኛ ይላል። መዶሻ ይዞ ይሆናል። ያየው ወይም የሰማው ካለ፣ ልጄን ና ብላችሁ አታስቸግሩት። ሰቆጣ መናኸሪያ በር ላይ ሸክላ ለምትሸጠው ለዝማም ብቻ ላኩላት፤ በሕይወት አለ ወይ? ከሰው ጋር በአንድ ገበታ ይበላል ወይ?